ልቤ ከሰባ አምስት በታች የወረደ ዕለት

በእኛ ሰው ዘንድ ጤና የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። መንገድ ላይ ያገኛችሁ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑን ከግንባራችሁ እስከ ጫማችሁ አውርዶ ፍርዱን ይሰጣል። «ወፈር ብለሃል» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ኑሮ ተስማምቶሃል፣ ሚስትህም አልጨከነችብህም ማለቱ ነው። «ምነው ከሳህ?» ካለ ግን ነገር መጣ። ከዚያ ወዲያ አለመታመማችሁን ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው፤ እሱማ ወስኖ ሄዷል። ናይሮቢ ደግሞ ይብሳል። አገር ቤት ሰው ስለሚበዛ የሰው ዓይን ይከፋፈላል፤ እዚህ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለን ሐበሾች ግን ከመተዋወቃችን የተነሣ አንዱ ጠዋት ቢያስነጥስ እስከ ምሳ ሰዓት ዝንጅብል በማር ይዞ ደጁን የሚያንኳኳ አይጠፋም።

ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። በሰው አገር ሲያስነጥስ የሚሰማለት ያለው ሰው የታደለ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው፤ እኔም አምኜ ኖሬአለሁ። ተረቱ የማይነግራችሁ፣ በሽታውን ያልደበቀው ሰውዬ ምን እንደሚያገኝ ነው። እሱን እኔ ልንገራችሁ። ጊዜ ካላችሁ ቁጭ በሉ፤ ከሌላችሁም ቆማችሁ ስሙኝ፣ ሐኪሞች እንደሆነ ሰው ሲቀመጥ አይወዱም።

እኔ እንግዲህ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሱቄ ከመጥበቧ የተነሣ ከወንበሬ ሳልነሣ እጄ የማይደርስበት ዕቃ የለም። ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ስደሰት፣ ለካ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ወንበሩ እኔን እየበላኝ ኖሯል። ከገና በኋላ አንድ ቀን የቤታችንን ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቼ በራችን ላይ ስደርስ፣ ቁልፉን ከኪሴ ለማውጣት እንኳ ትንፋሽ አጣሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከውስጥ ከፍታ አየችኝና ጫማዋን አደረገች። ሐኪም ቤት የሄድነው በዚያው ነው።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ኬንያዊት ነበረች። ደረቴን አዳመጠች፣ ደሜን ለካች፣ ልቤ ወረቀት ላይ የጫጫረውን አገላብጣ አየችው። «ልብህ አልታመመም» አለችኝ በመጨረሻ፤ «ሰንፏል።» ስድብ መሆኑ ነው፤ እኔ ግን እፎይ አልኩ። ቀጥላ እቅድ አወጣችልኝ። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜን መቀነስ፤ የሚቀረው ልቤ ሊመታ የሚችለው ጣሪያው ነው። ጣሪያውን መንካት የለም፤ ከእኩሌታው ትንሽ ከፍ ብሎ መቆየት ነው ሥራው። መጀመሪያ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል መሥራት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ማብረድ። ጂም አያስፈልግም፣ ሳሎን ይበቃል። «እየሠራህ ማውራት ካቃተህ አብዝተሃል» አለችኝ፤ «መዝፈን ከቻልክ ደግሞ አሳንሰሃል።» ጠዋት ከአልጋ ሳልነሣ የልቤን ምት እንድቆጥርም አዘዘችኝ። ያን ጊዜ ዘጠና ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። «ከሰባ አምስት በታች ሲወርድልህ፣ ያን ዳገትህን ሳትፈራ ውጣ» አለችኝ።

ዳገቱን የነገርኳት እኔ ነኝ። ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለሱ ነውና።

እህቴ ደሴ ናት። እታለም እላታለሁ። እናታችን ስታርፍ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ፤ አዝላም ገርፋም ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከአስፋልቱ በእግር ብቻ የሚወጣ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ነው። ባጃጅ እንኳ ሥሩ ላይ ደርሶ፣ ቀና ብሎ አይቶ ይመለሳል። ባለፈው የሄድኩ ጊዜ ሦስት ቦታ ቆሜ ነው የወጣሁት። ሰባውን ያለፈች ሴት ሻንጣዬን ነጥቃኝ ፊት ፊት እየሄደች፣ ዞር ብላ «ናይሮቢን ተሸክመህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለችኝ። የሰፈሩ ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ፈራ። ይቺ ሴት ከዚያ ተራራ አትወርድም። ናይሮቢ ነይ ስላት «አውሮፕላን ውስጥ ምን ጨብጬ ልቆም?» ትላለች፤ አውቶቡስ ይመስላታል። እንግዲህ እኔ መውጣት ካቃተኝ አንተያይም ማለት ነው። ስለዚህ ለመስቀል እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሳልቆም እወጣለሁ፣ ሻንጣዬንም ለማንም አልሰጥም።

ልጄ ሕሊና ይህን ስትሰማ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዝታ አመጣችልኝ። ሕሊና እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ሰዓቱ የትውልድ ዘመኔን ጠየቀኝ፤ እኔም ሳላቅማማ ጻፍኩለት። በእኛ አቆጣጠር። እሱ የኛን ዘመን ከየት ያውቃል? ስምንት ዓመት ጨምሮ አስረጀኝና ጣሪያዬን ዝቅ አደረገው። እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ልትሞት ነው ብሎ ይነዝረኛል። ሁለት ሳምንት እየፈራሁ ስንፏቀቅ ቆይቼ ሕሊና መጥታ አየችውና ሳቋ አመለጣት። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ለጡረተኛ ነው ፕላን ያደረገልህ። ፖሌ ሳና።» በስዋሂሊ በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው። ወዲያው አስተካከለችው። በአንድ ጠዋት ስምንት ዓመት ወጣት ሆንኩ። እንዲህ ያለ ጸበል ቢኖር ኖሮ ወረፋው አይቻልም ነበር።

አሠራሬን ልንገራችሁ። ጎህ ሲቀድ፣ የናይሮቢ ታክሲዎች፣ ማታቱዎቹ፣ ጡሩምባቸውን ሳይጀምሩ እነሣለሁ። ሶፋውን ገፋ አደርጋለሁ። ከሥር የሚኖሩት ሰዎች እንዳይረበሹ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ደርቤ፣ በላዩ ላይ ከሱቅ ያመጣሁትን የእንጨት ሳጥን አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ በቦታዬ ቀስ እያልኩ እረግጣለሁ። ሰውነቴ ሲሞቅ ሳጥኑ ላይ መውጣትና መውረድ ነው፤ መውጣት፣ መውረድ። ማውራት ካቃተህ አብዝተሃል ተብያለሁና ማውራት አለብኝ። ከማን ጋር ላውራ? ጥሩወርቅ ተኝታለች። ስለዚህ ከእታለም ጋር አወራ ጀመር።

አሁን የምነግራችሁን አትሳቁብኝ። ዓይኔን ስጨፍን ሳጥኑ ዳገት ይሆናል። የሳውዝ ሲ መስጊድ የንጋቱን አዛን ያሰማል፤ ደሴም ጠዋት የሚነጋው በአዛንና በቅዳሴ ስለሆነ፣ የትኛው ከየት እንደሚመጣ ይጠፋብኛል። ከዚያ ጉሙ ይመጣል። የደሴን ጉም ያየ ያውቀዋል፤ መሬት ለመሬት እየተጎተተ መጥቶ ጉልበታችሁ ላይ ይተኛል። እኔም ሳጥኔን እየረገጥኩ በጉሙ ውስጥ እወጣለሁ። «እታለም፣ ቦኖው ጋ ደረስኩ» እላለሁ። «የቦኖው ሴቶች ጄሪካን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ዛሬም ይጣላሉ።» በመጀመሪያው ሰሞን ሰዓቱ ቀንስ የሚለኝ ቦኖው ላይ ነበር፤ እዚያው ቆሜ፣ ለእታለም ይቅርታ ጠይቄ፣ ቁልቁል እመለሳለሁ። ጾሙ ሲጋመስ መታጠፊያውን አለፍኩ። ለሆሣዕና ባሕር ዛፎቹ ሥር ደረስኩ፤ ቅጠሉ ይሸተኝ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። ከባሕር ዛፉ በላይ የድንጋዩ ደረጃ አለ፣ ከደረጃው በላይ የእታለም የቆርቆሮ በር። እዚያ ገና አልደረስኩም። ወደ ሱቄ ስሄድ ናይሮቢ ሁሉ ጉም ለብሶ ይታየኝ ነበር፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ከተራራው ላይ ሆኜ ነው የምመልሰው።

አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። የሐኪሟን ነገር ለአቶ ይልማ ነገርኩት። ይልማ ምግብ ቤት ያለው የልብ ወዳጄ ነው፣ ሰው ወዳድ ነው፣ ክፉ አያውቅም። «ልቤ አልታመመም፣ ሰንፏል ነው ያለችኝ» አልኩት። እሱ ለሌላው ሲነግር የመጀመሪያዋን ግማሽ ለአጭርነት ሲል ተዋት። ከሁለተኛው ሰው ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ። ሱቄ በነጭ ሽንኩርትና በጥቁር አዝሙድ ተሞላች፤ ሁሉም ለልብ ነው። እኔም እየቀነስኩ፣ እየከሳሁ መሄዴ ለወሬው ምስክር ሆነለት። አንዷ እናት ጤፍ ልትገዛ መጥታ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና «አይ ልጄ» ብላ ጤፉን ሳትገዛ ሄደች። ለመጣ ሁሉ አስረዳሁ። እቅዱን፣ ጣሪያውን፣ ከሰባ አምስት በታች የሚለውን፣ ሁሉንም። ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። የሰሙት ግን ቁጥሩን ብቻ ነበር።

ፋሲካ ዋለ። ያን ዕለት ለእታለም ደውዬ «እንኳን አደረሰሽ» አልኳት። ድምፅዋ በሽቦ ሳይሆን በጉልበት ናይሮቢ የሚደርስ ስለሚመስላት እንደ ልማዷ ጮኸች፤ ጥሩወርቅ ከማድቤት ድረስ ሰማቻት። ለመስቀል ዳገትሽን ሳልቆም እወጣለሁ ስላት «እስቲ እናያለን» አለች። ከዚያ በኋላ ስደውል አላገኘኋትም። ልጇ ሰሎሞን ነው የሚያነሣው። አንድ ጊዜ «ጸበል ሄዳለች፤ ስልክ አይፈቀድም» አለኝ። ደግሞ ስደውል «ሱባኤዋን አልጨረሰችም» አለኝ። ደግሞ ሌላ ጊዜ ስልኳ ውሃ ገብቶበታል። እታለምን ስለማውቃት አልገረመኝም፤ ጸበል ቦታ ከገባች ሰውንም ስልክንም ትረሳለች። ደግሞስ እኔ ከሷ ጋር ጠዋት ጠዋት አይደል የማወራው? ናፍቆቱ ብዙም አልጠናብኝም።

ከፋሲካ ወዲህ ያገሬ ሰው ጠባይ ተለወጠ። ነጭ ሽንኩርቱ ቀረ። ምክሩም ቀረ። ሰው ሱቄ ሲገባ «ዛሬ ስንት ገባ?» ይለኛል፤ ልቤን እንደ ዶላር ምንዛሪ። ሰማንያ አምስት ስላቸው ይተያያሉ። ሰማንያ አንድ ስላቸው ይተያያሉ። ቅዳሴ አልቆ መስቀል ስሳለም ካህኑ ጠጋ ብለው «ቁጥሩ እንዴት ነው ልጄ?» አሉኝ። እኔ ምን መሰለኝ መሰላችሁ? ሕዝቡን አነቃሁት ብዬ ኮራሁ። እንዲህ እያለ ሄዶ ሳውዝ ሲ ያለ ሐበሻ ሁሉ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ፣ እናቶች በነጠላቸው፣ ሽማግሌዎች በካፖርታቸው በየሳሎኑ ሳጥን ሲረግጡ ታየኝ። ይልማ ምግብ ቤቱ ውስጥ ከጥሬ ሥጋው ቀጥሎ የልብ ምት የሚለካበት ቦታ ሲከፍት ሁሉ ታየኝ።

ጥሩወርቅም ጎህ ሲቀድ መነሣት ጀመረች። ነጠላዋን ተከናንባ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች፤ «ቀስ በል» ትለኛለች፤ ሰዓቴን ታያለች። አንዳንዴ ዓይኗን ትጠርጋለች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ጉንፋን ነው» ትለኛለች። የናይሮቢ ብርድ የሚገባበት ወራት ነበርና እውነት መሰለኝ። እኔ እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ «እታለም፣ ደረጃው ላይ ነኝ፤ ጉሙ ከሥሬ ነው፣ ታዪኛለሽ ወይ?» እያልኩ እወጣለሁ። ሕሊና ደግሞ እሑድ እሑድ መምጣቷን አቆመች። ሥራ በዝቶባታል።

እናንተ ይሄኔ ነገሩ ገብቷችኋል። እኔ ግን ዳገት ላይ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሣ ሰዓቴን ባይ ሰባ አራት ይላል። ደግሜ አየሁት። ሰባ አራት። ሰው ሆኜ ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም። ሱቄን ከፍቼ ለመጀመሪያው ደንበኛ ነገርኩት፤ ለሁለተኛው ነገርኩት፤ ይልማ በርበሬ ሊወስድ ሲመጣ «ይልማ፣ ሰባ አራት ገባሁ» አልኩት። ያቀፈኛል ብዬ ነበር። የያዘውን ከረጢት ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ደጅ ወጥቶ ስልክ መደወል ጀመረ። በርበሬውን ረስቶት ሄደ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሳጥኔ ላይ ነኝ። ያን ዕለት ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር። ቦኖውን ሳላየው አለፍኩት፣ መታጠፊያውን፣ ባሕር ዛፎቹን፣ የድንጋዩን ደረጃ። ጉሙ ተከፈተ። የቆርቆሮው በር ፊቴ ቆመ፤ ዝናብ የበላው ሥሩ ሳይቀር ታየኝ። «እታለም፣ ደረስኩ፤ ክፈችልኝ» ብዬ እጄን አነሣሁ። በሩ ተንኳኳ።

ዓይኔን ገለጥኩ። የተንኳኳው የኔው በር ነበር። ጥሩወርቅ ከሶፋው ተነሥታ፣ ፊቴን ሳታይ፣ ሄዳ ከፈተች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ወዳጆቹን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ያየ ሐበሻ አስረጂ አያስፈልገውም። እኔም ስንት ሰው በር ላይ እንዲሁ ቆሜአለሁ። ማን ከፊት እንደሚቆም፣ ማን ውሃ እንደሚይዝ፣ ማን በሰውዬው በስተቀኝ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ይልማ በስተቀኜ ተቀመጠ። እጄን ያዘው፤ አያያዙ ግን የወዳጅ አልነበረም፣ አውራ ጣቱን ደም ሥሬ ላይ ነው ያደረገው። ካህኑ ዓይናቸው ሰዓቴ ላይ ነው። ሁሉም ሰዓቴን ያያሉ እንጂ ፊቴን የሚያይ የለም።

«እታለም ናት?» አልኩ።

«አርፋለች» አለ ይልማ።

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ አላፍርበትም፤ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ለሷ የማውቀው ልቅሶ የሕፃንነቱን ብቻ ነው። ደረቴን ስመታ እጄን ያዙኝ። ከኋላ አንዷ ሴት እያነባች «ስንት ደረሰ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሌላዋ «መቶ አስር፤ ደህና ነው» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። እንኳንም ሰማሁ፤ በዚያ ሁሉ መካከል ሳቅም መጣብኝ፣ ከሳቁ በኋላ ልቅሶው ባሰ።

ቀን ሲሆን ነው ነገሩን የነገሩኝ። እታለም ከፋሲካ ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ በእንቅልፏ፣ ማንንም ሳታስቸግር አርፋ ኖሯል። ሰሎሞን ለይልማ ደወለ፣ ይልማ ሰዉን ሰበሰበ፣ ጥሩወርቅ ተጠራች። «ልቡ ደካማ ነው፤ ድንገት ቢሰማ እሱንም እናጣዋለን» ተባለ። እስከ መቼ ይቆይ ሲባል ልኬቱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሐኪሟ ከሰባ አምስት በታች ካለች ከሰባ አምስት በታች ይሁን ተባለ። በዚህ ተስማምተው ተለያዩ። ቀብሩ ያለ እኔ ሆነ፣ አርባዋም ያለ እኔ ወጣ። እኔ ጎበዙ ደግሞ በየቀኑ ላቤን እያንጠፈጠፍኩ መርዶዬን ወደ ራሴ እጎትታለሁ። ሰነፍ ብሆን ኖሮ እታለም እስከ ዛሬ ጸበል ላይ ነበረች።

ጥሩወርቅን ተቆጣኋት። በትዳር ዘመናችን እንደዚያ ተቆጥቻት አላውቅም። «በየጠዋቱ ከሞተ ሰው ጋር ሳወራ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ ነበር?» አልኳት። «ስታወራት ልብህ ይረጋ ነበር» አለችኝ፤ «ሰዓቱን አየው ነበር። ምን ላድርግ? አንተንም ላጣህ?» ማታውን ሕሊና መጣች። በሩ ላይ ቆማ «እኔ ቴል ሂም ብያቸው ነበር፣ ማማ እምቢ አለች። ፊትህን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ፤ ለዚያ ነው የቀረሁት። ፖሌ፣ አባዬ፣ ፖሌ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለካ ሥራ አልበዛባትም።

ለማልቀስ ከመጡት ውስጥ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ኬንያዊት ጎረቤታችንም ነበረች። ነገሩን ሕሊና አስረዳቻት። ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና የሷ አባት ማረፉን ማታቱ ውስጥ ተሳፍራ ሳለች በስልክ መልእክት እንዳነበበች ነገረችን። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው የማታውቀው ነበር፤ መውረጃዋ ሲደርስ ወርዳ ሥራዋ ገባች። ይህን ስትነግረን ጥሩወርቅ ደረቷን ያዘች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አስባለሁ። እሷ ወዲያው አወቀች፣ ብቻዋን። እኔ ሰባት ሳምንት ዘግይቼ አወቅሁ፣ አንዱ እጄን ይዞ፣ ሌላው ውሃ ይዞ፣ ሌላው ልቤን እየቆጠረ። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ አላውቅም። የተቀየምኩት መቀየም ገና አልወጣልኝም፤ እነሱ ባይኖሩ ደግሞ ያን ጠዋት በምን እወጣው ነበር?

ለሰማንያዋ ሄድኩ። ክረምቱ ገብቶ ደሴ ጭቃና ጉም ነበረች። ሰዓቱን ናይሮቢ ትቼው ነው የሄድኩት፤ የሚቆጥረኝ ሰው በዝቶብኛል። ሰሎሞን ስለ ልቤ ሰምቷልና ሁለት ጠብደል ጎረምሶች አስፋልቱ ድረስ ልኮ አስጠበቀኝ፤ ከሩቅ የመጣ ልቅሶኛ በቀኝና በግራ ተደግፎ ነው የሚገባው። ግራና ቀኜን ያዙኝና ጀመርን። ቦኖው ጋ ስንደርስ የግራው ማለክለክ ጀመረ። መታጠፊያው ላይ የቀኙም። ከባሕር ዛፎቹ በላይ ማን ማንን እንደሚጎትት የሚያውቅ አልነበረም። ልቤ እኩል፣ ረጋ ብሎ ይመታል። አንድም ቦታ አልቆምኩም።

ከላይ ሴቶቹ ተሰብስበው ይጠብቁኛል፤ ብቅ ስል ልቅሶውን ሊያነሡ ነው። ብቅ አልኩ። ሬሳ ሆኖ ይመጣል ያሉት ሰውዬ በአፍንጫው እየተነፈሰ ፊታቸው ቆመ። ልቅሶው ተጀምሮ ተደነቃቀፈ። አንዷ ለጎረቤቷ «ምንም እኮ አልመሰለውም፤ የከተማ ሰው መቼም» ስትል ሰማኋት። አልፈረድኩባትም። ከእንዲህ ያለ ዳገት በኋላ ያላለከለከ ሰው ያዘነ አይመስልም፣ እኔም ብሆን አላምነውም ነበር። ስለዚህ ለወጉ ብዬ ክብደቴን ጎረምሶቹ ላይ ጣል አደረግሁ። እነሱ ተንገዳገዱ፤ ሴቶቹ ደስ አላቸው፣ ልቅሶው ደመቀ።

በሩ ጋ ስንደርስ ግን ቆርቆሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል። እታለም በሩን እንዲያ ትታው አታውቅም፤ ዶሮዎቿ ይወጡባታል። የምትጮኽ የለም። ወጥታ የምትሳደብ፣ ሻንጣዬን የምትነጥቅ የለም። ሻንጣዬ ያው እጄ ላይ ነው፣ እንደዛትኩት ለማንም አልሰጠሁትም። ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ፤ አሁን የምር። ጎረምሶቹ አሁንም ለወጉ መሰላቸውና አልያዙኝም፣ ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ። ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘይነባ ሮጣ መጥታ ራሴን ደረቷ ላይ አድርጋ «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አለችኝ።

ልቤስ አልከዳኝም፤ እዚያ ጭቃ ውስጥም እኩል ነበር የሚመታው። ስለ ጉልበት ያሰበልኝ ሰው ግን አልነበረም።